20 ሺህ ተከታይ ልግዛ ወይስ ብሎግ ላሠራ?

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ውስጥ የባልትና ውጤቶች አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ። ዛላውን የምገዛው ከቡሬና ከወንበርማ ገበሬዎች ነው። የፌስቡክ ገጼ 6 ሺህ ተከታይ አለው፤ ቲክቶክም ከፍቻለሁ። በየቀኑ ፎቶ እለጥፋለሁ። ላይክ ይመጣል፤ ትእዛዝ ግን በወር ከሦስትና ከአራት አይበልጥም። አንድ ልጅ በ8 ሺህ ብር 20 ሺህ ተከታይ ልጨምርልሽ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ዘመኑ የብሎግና የድረ ገጽ ነው፣ በ40 ሺህ ብር ልሥራልሽ ይላል። ሁለቱንም መክፈል አልችልም። የትኛውን ላድርግ? ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያለውን ገዢስ እንዴት ላግኘው?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ለጊዜው ገንዘብዎን ይዘው ይቆዩ። ሁለቱም ልጆች ሊሸጡልዎ የመጡት ተመልካች ነው፤ እርስዎን የጎደለዎት ግን ተመልካች አይደለም። 6 ሺህ ተከታይ ለአንድ የባልትና ቤት ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከመቶው አንዱ ብቻ በወር ሁለት ኪሎ በርበሬ ቢያዝዝ 60 ደንበኛና 120 ኪሎ በርበሬ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ቀንጥሶ፣ ደልዞ፣ አድርቆ፣ አስፈጭቶና አሽጎ ለመላክ ስንት እጅ እንደሚፈልግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሌላ 20 ሺህ ሰው ከመፈለግዎ በፊት ያሉት 6 ሺህ ለምን እንደማይገዙ መታወቅ አለበት።

በ8 ሺህ ብር የሚመጣልዎት ሰው አይደለም። አብዛኛው በሌላ አገር በጅምላ የተከፈተ፣ ባለቤት የሌለው አካውንት ነው። አማርኛ አያነብም፤ በርበሬ አይገዛም። «ቢያንስ ገጹ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። በጣም ይጎዳል። ፌስቡክ የለጠፉትን ለሁሉም ተከታይ አያደርስም። በተለይ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን አስቀድማለሁ ብሎ አሠራሩን ከቀየረ ወዲህ፣ የንግድ ገጾች ሳይከፍሉ የሚደርሱት ሰው እጅግ አንሷል። ልጥፉ መጀመሪያ ለጥቂቶች ይታያል። እነሱ ቆም ብለው ካዩት፣ አስተያየት ከጻፉበት፣ ለሌላ ሰው ከላኩት ወደ ተጨማሪ ሰዎች ይወጣል። ዝም ብለው ካለፉት እዚያው ይቀራል። እንግዲህ ከ26 ሺህ ተከታይዎ 20 ሺሁ የማያይና የማይመልስ ከሆነ፣ ዛሬ ፎቶዎን የሚያዩት እውነተኛ ሰዎች ነገ ላያዩት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የውሸቱን ከእውነተኛው አንድ በአንድ ለይቶ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። መድረኮቹም ይህን ይከለክላሉ፤ የውሸት አካውንቶችን በየጊዜው ይሰርዛሉ፤ የከፈሉበት ቁጥር ሲወርድ ገንዘቡን የሚመልስልዎ የለም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ነገሩ በግልጽ ይታያል። በቻናል ውስጥ ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ የዓይን ምልክትና ቁጥር አለ፤ መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል። ከላይ «22 ሺህ አባላት» ተብሎ ከታች እያንዳንዱ ልጥፍ 140 ጊዜ ብቻ የታየበት ቻናል ያጋጠመው ገዢ ወዲያው ይነቃል። በአባል ቁጥር የዋሸ ሻጭ በበርበሬው አይዋሽም ብሎ የሚያምነው ማን ነው? ልብስ ቢሸጡ ምናልባት ይታለፍ ይሆናል። ምግብ ለሚሸጥ ሰው ግን ይህ የማይመለስ ኪሳራ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ምን እንደገባበት በዓይን አይለይም። አዲስ አበባ ያለች የቤት እመቤት ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና ደጋግማ ሰምታለች፤ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባበታል ሲባልም ሰምታለች። በሳህን የተቆለለ ቀይ ዱቄትና ከላዩ «ምርጥ የጎጃም በርበሬ» የሚል ጽሑፍ ለዚህ ፍርሃቷ መልስ አይሆንም። ቀለሙ ስላማራት ላይክ ታደርጋለች፤ የምትገዛው ግን ከምታውቃት ሴት ነው። እርስዎ የምታውቃት ሴት እስኪሆኑላት ድረስ ላይኩ ላይክ ሆኖ ይቀራል።

ፍርሃቷን የሚያስወግደው በርበሬው ያለፈበትን መንገድ ማየት ነው። ስልክዎን ይዘው ከገበያው ይጀምሩ። ዛላው ከጆንያ ሲዘረገፍ ይቅረጹ። የነጣውና የሻገተው ሲለይ፣ ሲቀነጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል፣ ወፍጮ ቤት ገብቶ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ሲጠብቁ ይታይ። እያንዳንዱ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃዋል። ሙዚቃ አይጨምሩበት፤ በራስዎ ድምፅ ያስረዱ። ፊትዎ እንዲታይ ካልፈለጉ ግድ የለም፤ እጅዎ ይታይ፣ ድምፅዎ ይሰማ። አንዱን ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ለሚጣለው ዛላ ይስጡት። የሻገተውን እያወጡ ለምን እንደማይገባ ይንገሯቸው። ሻጋታ የነካው በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማመስም ሆነ በማብሰል በቀላሉ አይጠፋም። ይህን አውቃ የምትጥል ሴት መሆንዎን ያየ ገዢ ከሃምሳ የሳህን ፎቶ ያላገኘውን ነገር ያገኛል። ዛላው በብዛት በሚገባበት ወቅት ሥራውን ደጋግመው ከቀረጹ፣ ለወራት የሚለጠፍ ነገር ይኖርዎታል። በየቀኑ መለጠፍ ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ የሚታይ ነገር ሲኖር ይበቃል።

ሌላው እንቅፋት ዋጋ ነው፤ በዚህ ላይ በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ከልጥፍዎ ስር «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄና «በውስጥ መስመር ያውሩን» የሚል መልስ ካለ፣ ትእዛዙ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ነጋዴው ዋጋ የሚደብቀው አንድም ተፎካካሪ እንዳያይበት፣ አንድም ገዢው ደንግጦ እንዳይሄድ ነው። ተፎካካሪዎ ግን አንድ ሰው አስደውሎ ያውቀዋል። የሚደነግጠው ገዢም በውስጥ መስመር ሲነገረው መደንገጡ አይቀርም። የሚጎዱት ለመግዛት የቆረጡትን ነው፤ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን ያነሳችውን ሴት። በሦስት ሰዓት ጠይቃ መልሱ ጠዋት ቢደርሳት እስከዚያ ሐሳቧ ተቀይሯል፤ ወይም ከሰፈሯ ሱቅ ገዝታለች። የበርበሬ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል የሚለውን ምክንያት እቀበላለሁ። እሱ የሚፈታው ግን ዋጋውን በመደበቅ ሳይሆን «ይህ ዋጋ እስከ ጥር 30 ይጸናል» ብሎ ቀን በመጻፍ ነው። ከዋጋው ጋር የቀረውንም ይጻፉ፦ የኪሎውንና የግማሽ ኪሎውን፣ እስከ ባሕር ዳርና እስከ አዲስ አበባ የመላኪያውን ሒሳብ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ በምን እንደሚከፈል። አንድ ሰው ልጥፉን አንብቦ ምንም ሳይጠይቅ ማዘዝ መቻል አለበት። ለአዲስ ገዢ ደግሞ ሩብ ኪሎ ያዘጋጁ። የማያውቁትን በርበሬ አምስት ኪሎ የሚያዝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሩብ ኪሎ ቀምሶ ወጡ ካማረለት ግን ራሱ ይመለሳል።

የት ልሥራ ለሚለው፣ ቤትዎ ቴሌግራም ይሁን፤ ቲክቶክና ፌስቡክ ወደዚያ የሚያስገቡ በሮች ይሁኑ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ሲከፍቱ የለጠፉት ሁሉ ለሁሉም አባል በቅደም ተከተል ይደርሳል፤ ይህ ይታይ ያ ይቅር የሚል መራጭ በመካከል የለም። የዋጋ ዝርዝሩን ከላይ ፒን ማድረግ ይቻላል። የዛሬ ዓመት የለጠፉትንም ገዢው በአንድ ቃል ፈልጎ ያገኘዋል። ግሩፕ አይክፈቱ፤ ሁሉም የሚጽፍበት ግሩፕ በሁለት ወር ውስጥ የሌሎች ነጋዴዎች ማስታወቂያ መለጠፊያ ይሆናል። ቲክቶክ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የማይከተልዎት፣ ስምዎን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጋ ያደርስዎታል። ስለዚህ ለመታወቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ 100 ሺህ ጊዜ ቢታይ ከተመልካቹ ብዙው ጅዳና ዱባይ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ በርበሬ መላክ ካልቻሉ በቁጥሩ አይታለሉ። ፌስቡክ ላይ ያሉትን 6 ሺህ ሰዎች አይጣሏቸው። ያንኑ ቪዲዮ እዚያም ይልቀቁ፤ የቻናሉን ስምና ስልክ ቁጥርዎን ቪዲዮው ላይ ይጻፉ፣ በአፍዎም ይናገሩ። ለሦስቱ ሦስት ዓይነት ሥራ አይሥሩ፤ አንዱ ይበቃል።

ጎጃም ላይ ሆኖ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያን ጊዜ የነጋዴው ተከታይ 6 ሺህ ይሁን 60 ሺህ ልዩነት አልነበረውም። የደንበኛው ስልክ ቁጥር በእጁ ያለው ነጋዴ ግን ስልክ በሠራበት ሁሉ ደውሎ መሸጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም ገጽ በላይ ዋጋ ያለው ንብረትዎ ደብተርዎ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ከተማ፣ ምን እንደገዛ፣ መቼ እንደገዛ፣ ስለ እርስዎ ከየት እንደሰማ ይጻፉ። አንድ ኪሎ የወሰደ ቤት መቼ እንደሚጨርስ ከጥቂት ወራት በኋላ ከደብተሩ ራስዎ ያነቡታል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለሽሮ፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ለበርበሬ ይደውሉ ወይም አጭር መልእክት ይላኩ። አንድ ጥንቃቄ፦ ይህን ዝርዝር ለማንም አይስጡ፤ የደንበኛን ስም፣ ፎቶ ወይም የላከልዎትን መልእክት ሳያስፈቅዱ አይለጥፉ። ነውርነቱ ሳያንስ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ።

ብሎግን በተመለከተ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። ዕቃ ተመርጦ፣ ተከፍሎ የሚታዘዝበት ድረ ገጽ አንድ ነገር ነው። ብሎግ ሌላ ነው፤ ለሰዎች ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው በወር አራት ትእዛዝ ላለው ቤት አያስፈልግም። አራት ትእዛዝ በስልክ ይስተናገዳል፤ አርባም ይስተናገዳል። ሁለተኛው ጠቃሚ ነው፤ ግን 40 ሺህ ብር አያስወጣም። ብሎገርን የመሰለ ነፃ አገልግሎት በጎግል አካውንትዎ አንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል። የብሎግ ጥቅሙ ዕድሜው ነው። ፌስቡክ ላይ የጻፉት በቀናት ውስጥ ይሰምጣል፤ ብሎግ ላይ የተጻፈ ጥሩ መልስ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም በጎግል ፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ጎግል አዲስ ብሎግን አውቆ ወደ ላይ እስኪያወጣው ወራት ይፈጃል። ለዘንድሮ ፋሲካ ሽያጭ አይደርስልዎትም።

ስለዚህ ብሎጉን ለሁለተኛው ምዕራፍ ያቆዩት። ሲጀምሩም «ስለ እኛ» እና «ራእያችን» የሚሉ ገጾች አይጻፉ፤ ማንም አይፈልጋቸውም። ሰው የሚፈልገው ዛላ ሲገዛ ምን እንደሚታይ፣ ለ10 ኪሎ ዛላ ስንት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት እንደሚገባ፣ በርበሬ ለምን እንደሚጠቁር፣ ሽሮ ሳይነቅዝ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ይህን እርስዎ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ ጸሐፊ ስለሌለ ተቀጥሮ የሚጽፍልዎ ሰው አይፈልጉ፤ ተናግረው ይቅዱትና ልጅዎ ወይም ጎረቤት ይጻፈው። ስድስት ወይም ሰባት እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ይበቃሉ። አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር፦ ሰዎች ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ጎጃም፣ ጐጃም፣ ፍኖተ ሰላም፣ ፍኖተሰላም እያሉ በተለያየ ፊደልና አጻጻፍ ይፈልጋሉ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ በየቦታው ማስገባት ያግዛል።

ገንዘብ ከፍሎ ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ ተከታይ ከመግዛት ይለያል፤ እውነተኛ ሰው ጋ ያደርሳል፣ ከተማም ዕድሜም ይመረጥበታል። ግን አሁን አይደለም። ዋጋ ያልተጻፈበትን የሳህን ፎቶ ለተጨማሪ 30 ሺህ ሰው ማሳየት ብር ማባከን ነው። ጊዜው ሲደርስ፣ ሳይከፈልበት ብዙ ትእዛዝ ያመጣውን ቪዲዮ ብቻ መርጠው፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባን ብቻ ለይተው፣ በትንሽ ገንዘብ ይሞክሩ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሚፈጸም በመካከል ከፋይ ደላላ መግባቱ አይቀርም፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የገጽዎን የይለፍ ቃል ለማንም አይስጡ፤ ሙሉ አስተዳዳሪም አያድርጉት። ፌስቡክ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ የሚያስችል ውስን ፈቃድ አለው፤ እሱን ይስጡ፣ ሥራው ሲያልቅ ያንሱት። ሙሉ አስተዳዳሪ የተደረገ ሰው ባለቤቱን አስወጥቶ ገጹን ሊወስደው ይችላል፤ ማስመለሱም አድካሚ ነው።

ክፍያና መላክ ላይም የሚጠበቁ ነገሮች አሉ። ገዢው የላከልዎትን የክፍያ ስክሪንሾት አይመኑ፤ ተቀነባብሮ የሚሠራ ብዙ ነው። ብሩ መግባቱን በራስዎ ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ሳያዩ ዕቃ አይላኩ። በስምዎና በፎቶዎ ሌላ አካውንት ከፍቶ ብር የሚሰበስብም ስለማይጠፋ፣ የሚቀበሉበትን ስልክና የሒሳብ ባለቤቱን ስም በቻናሉ ፒን ያድርጉ፤ ከዚህ ውጭ እንደማይቀበሉም ይጻፉ። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲዘገይ ገዢው ሳይጠይቅዎ ቀድመው ይንገሩት። «በሁለት ቀን ይደርሳል» ብሎ በአምስተኛው ቀን ከማድረስ፣ «እስከ አንድ ሳምንት» ብሎ በአራተኛው ማድረስ ይሻላል። ስለ በርበሬው ሲጽፉም ለጨጓራ ወይም ለደም ግፊት ይበጃል የሚል ነገር አያስገቡ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉም በላይ አንድ ሰው አምኖዎት ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። ተከታይ አይግዙ፤ ድረ ገጽም አያሠሩ። ለተከታይ ሊከፍሉት ካሰቡት 8 ሺህ ብር ገሚሱን ለሩብ ኪሎ መቅመሻዎችና ለማሸጊያው ያውሉት፤ ማሸጊያው ላይ የተፈጨበት ቀን፣ ክብደቱ፣ ስልክዎና የቻናሉ ስም ይጻፍበት። በቀረው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል መቅመሻውን ለሚያበስሉ ሴቶች ያድርሱ፤ የሰጡትን ሁሉ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ። በዚህ ሳምንት ቻናሉን ይክፈቱ፣ ዋጋውን ይለጥፉ፣ የመጀመሪያውን የዛላ ቪዲዮ ይልቀቁ። ላይክ መቁጠሩን ይተዉትና በየወሩ መጨረሻ ሁለት ነገር ብቻ ይቁጠሩ፦ ስንት አዲስ ሰው አዘዘ፣ ስንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ።

ሦስት ወር ሞክረው አዲስ ገዢ እየመጣ የሚመለሰው ግን ከሦስት አንድ እንኳ ካልሞላ፣ ጉድለቱ ማስታወቂያው ላይ አይደለም። ደብተሩን አውጥተው ላልተመለሱት ይደውሉ፤ ጨው በዛባቸው ወይ፣ ቃናው አነሰባቸው ወይ፣ ዕቃው ዘገየባቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። የሚነግሩዎት ነገር ሳይስተካከል ለቡስትም ለብሎግም አንድ ብር አያውጡ። የሚመለሰው ሰው ከበዛ ግን ያኔ ብሎጉን ይክፈቱ፤ የመጀመሪያ ጽሑፍዎም ደንበኞችዎ በስልክ ደጋግመው የጠየቁዎት ጥያቄ ይሁን።